ሰባ አንደኛው ደቂቃ

የዚያ ዓመት መጸው ከባድ ነበር። መስከረም ሳይጋመስ በረዶ ጣለ፤ ቅጠላቸውን ያላራገፉ ዛፎች ክብደቱ በዝቶባቸው በየመንገዱ ተገነጠሉ፤ የሚኖሩባት የአውሮራ ከተማ ሁለት ቀን መብራት አጣች። ግዛው የሚሠራበት የዴንቨር መኪና ማቆሚያ የሥራ ሰዓቱን ከአርባ ወደ ሃያ ስምንት ቀነሰበት። የእህቱ ልጅ ዘሪቱ በምትሠራበት የአረጋውያን መጦሪያ በአንድ ሳምንት ሦስት ሰው ሞተ። የዘሪቱ ልጅ አማኑኤል የሚጫወትበት የትምህርት ቤት ቡድን ከስድስት ጨዋታ አምስቱን ተሸነፈ፤ የአንዱ ልጅ ክንድ ተሰበረ፣ የአንዱ ጉልበት ዞረ። ጨዋታው አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት፣ ኳሱን በእጅ ይዘው የሚጋጩበት ነው። በስድስተኛው ጨዋታ አማኑኤል ለተቃራኒው ቡድን የሚጫወተውን የረሻድን ልጅ አኒስን መታው፤ ወይም ገጨው። የትኛው እንደሆነ ገና አልተወሰነም። አኒስ በቃሬዛ ወጣ።

የዘሪቱ ባል መኮንንና ረሻድ አንድ ታክሲ በፈረቃ ይነዳሉ፤ መኮንን ቀን፣ ረሻድ ማታ። ሰባት ዓመት ሙሉ ቁልፉን ከእጅ ወደ እጅ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ቁልፉ ሰበብ ነበር፤ በየመለዋወጫው ግማሽ ሰዓት ቆመው ስለ ኤርፖርት ሰልፍ፣ ቲፕ ስለማይሰጥ ሀብታም፣ ስለ ልጆቻቸው ያወራሉ፤ ከዚያ ተረኛው ሌላውን ቤቱ ድረስ ያደርሰዋል። ካለፈው ሁለት ሳምንት ወዲህ ግን ረሻድ ጎህ ሲቀድ ታክሲውን ፒዮሪያ ስትሪት ካለው አፓርታማ ሥር ያቆማል፣ ሁለተኛ ፎቅ ይወጣል፣ ቁልፉን ምንጣፍ ሥር ያስገባል፣ ሳያንኳኳ ወርዶ በ15 ቁጥር አውቶብስ ቤቱ ይገባል። መኮንንም ማታ በረሻድ በር ላይ እንደዚሁ ያደርጋል። የንጋቱን የሚሰማው ግዛው ነው። አልጋው ሳሎን ውስጥ፣ ከበሩ አጠገብ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ናት። የእግር ኮቴ ይመጣል፣ ምንጣፉ ይነሣል፣ ቁልፉ ሲሚንቶ ላይ ቀጭ ይላል፣ ኮቴው ይሄዳል።

በዚያ ቅዳሜ ንጋት ኮቴው አልሄደም። ግዛው ጫማውን አጥልቆ በሩን ከፈተ። ረሻድ ቁልፉን እንደያዘ ቆሟል። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሰው ዓይን ነው ያለው።

«ጋሼ፣ ቀሰቀስኩዎት።»

«ነቅቼ ነበር። የልጁ ጣቶች እንዴት ናቸው?»

«የሦስቱ ስሜት ተመልሷል። የሁለቱ ገና ነው። የአንገቱን ፕላስቲክ እስከ ገና አያወልቅም አሉ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የጨዋታውን ካሴት አግኝቻለሁ። ዛሬ ከሰዓት በዘጠኝ ሰዓት ቀጸላ ሱቅ እንሰበሰባለን። እርስዎ ዳኛ ነዎት፤ እርስዎ ይዩትና ይፍረዱ።»

«እኔ የእግር ኳስ ዳኛ ነበርኩ። ይሄ ሌላ ጨዋታ ነው።»

«ዳኛ ዳኛ ነው። መኮንንም እሳቸው ያሉትን እቀበላለሁ ብሎ ለቀጸላ ነግሮታል።» ረሻድ ቁልፉን ምንጣፍ ሥር አላስገባም፤ ለግዛው ሰጠው። «ካሳ አልፈለግኩም። ጠበቃም አልያዝኩም፤ ስንቱ ደወለልኝ መሰለዎት። ግን ጋሼ፣ ሰው የገጨ ሾፌር ከመኪናው አይወርድም? ጥፋቱ የእሱ ይሁን አይሁን፣ ወርዶ ምን ሆንክ አይልም? እነሱ እኮ አልወረዱም።»

ረሻድ ደረጃውን ወረደ።

ወጥ ቤት ውስጥ ዘሪቱ የሥራ ልብሷን ለብሳ ዳቦ ላይ ማርማላታ ትቀባለች። ሴት ልጇ አቢጊያ የአማኑኤልን የጨዋታ ሕግ መጽሐፍ ይዛ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታለች። መጽሐፉን ለግዛው ማንበብ ከጀመረች አራት ቀኗ ነው፤ አንድ ገጽ በሃምሳ ሳንቲም ተዋውለዋል። በመጀመሪያው ቀን ትልቅ ስሕተት ሠርተው ነበር። ስፒሪንግ ክልክል ነው የሚል አንቀጽ አገኙ፤ አቢጊያ ስፒር ጦር ነው አለች፤ ግዛውም ሜዳ ጦር ይዞ መግባት ክልክል መሆኑን ተቀብሎ ወደሚቀጥለው አንቀጽ አለፈ። ዘሪቱ ሰምታ እስክታነባ ሳቀች። በማግሥቱ ልጅቷ መምህሯን ጠይቃ መጣች። ጦሩ ራስ ነው። ተጫዋች አንገቱን ሰብሮ፣ ሄልሜት በሚሉት የራስ ቁር አናት ሰውን የወጋ እንደሆነ፣ ያ ጦር ነው።

«አባባ ግዛው፣ ሕግ ቢኖርም እኮ ሪፈሪው ካላየው፣ ዩ ኖው፣ ናትንግ ነው» አለች አቢጊያ። «አማኒም እንደሱ ነው የሚለው። ግን አይተኛም። ኦል ናይት ሲራመድ እሰማዋለሁ።»

«ዝም ብለሽ ብዪ» አለች ዘሪቱ። መኮንን ከመታጠቢያ ቤት እያነከሰ ወጣ። ሲበርድ ቀኝ እግሩ ይብስበታል። ግዛው ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረለት። መኮንን ቁልፉን አየ፣ ግዛውን አየ። ሻይውን ቆሞ ጠጣ።

ያ እግር የቤቱ ቀልድ ነው። ከሃያ ዓመት በፊት መኮንን አዲስ አበባ ለአንድ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን በቀኝ ክንፍ ይጫወት ነበር፤ ግዛው ደግሞ በፋብሪካዎችና በጦር ክፍሎች ውድድር በዳኝነት ያጫውት ነበር። አንድ እሑድ የወታደሮች ቡድን ተከላካይ መኮንን ላይ በሁለት እግሩ ገባና ከጉልበቱ በታች ሰበረው። ፊሽካ አልተነፋም። ግዛው ሆስፒታል ሊጠይቀው ሲሄድ የእህቱን ልጅ ዘሪቱን ምሳ ዕቃ አስይዞ ወሰዳት፤ ወር ሳይሞላ ዘሪቱ ምሳ ዕቃውን ብቻዋን ማመላለስ ጀመረች። ጋሼ ግዛው እግር ወስዶ ሚስት ሰጠ እየተባለ በየልደቱ ይሳቃል፤ መኮንንም አብሮ ይስቃል። ነገር ግን በሃያ ዓመት ውስጥ፣ ማንም በሌለበት፣ ሦስት ጊዜ ጠይቆታል። አንዴ በሠርጉ ሳምንት፤ አንዴ ካርቱም፣ የስደት ወረፋ ላይ፤ አንዴ ከስድስት ዓመት በፊት፣ ግዛው ዴንቨር የገባ ዕለት፣ ከኤርፖርት ሲያመጣው። አይተው ነበር? ግዛው ሦስቱንም ጊዜ አንድ መልስ ሰጠ። ሰው ጋርዶኝ ነበር፤ ደግሞም ዳኛ ካልነፋ ጥፋት የለም። መኮንን ሦስቱንም ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ከዚያም አልጋ ሰጠው፤ ከበሩ አጠገብ፣ ከመጋረጃ ጀርባ፤ በስድስት ዓመት ውስጥ የአንድ ወር ኪራይ ጠይቆት አያውቅም።

ግዛው እስከ ቀትር በሣጥኑ ውስጥ ተቀመጠ። ሣጥን የሚላት መስታወት ያላት የገንዘብ ተቀባይ ክፍል ናት፤ ሁለት ሰው አታስገባም፤ እግር ሥር ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ አላት። ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ለማቆም አራት ዶላር ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሠራተኛ የተወው ራዲዮ ቅዳሜ ቅዳሜ ስለ ኳስ ብቻ ያወራል። ሰዎች እየደወሉ ይከራከራሉ። ግዛው ግማሹን ይሰማል። ሊጉ ተጫዋች በራስ ቅል እንዳይመታ ቅጣቱን ያጥብቀው አያጥብቀው ነው ክርክሩ። አንዱ ደዋይ፣ እንግዲያው ቀሚስ አልብሷቸው፣ አለ። ሌላው ወንድሙ ከሃያ ዓመት በፊት በትምህርት ቤት ጨዋታ ተመትቶ እስከ ዛሬ በተሽከርካሪ ወንበር እንደሚሄድ ተናገረ፤ ያኔ ሁሉም ንጹሕ ምት ነው ብለው አጨበጨቡ አለ። አቅራቢው አመስግኖት ወደ ማስታወቂያ ሄደ። ግዛው ሂት የሚለውን ቃል በዚያ ጠዋት መቶ ጊዜ ሳይሰማው አልቀረም። መምታትም ሂት ነው፣ መግጨትም ሂት ነው። እነዚህ ሰዎች የሚከራከሩት አንድ ቃል ለሁለት ነገር ስላዋሉ ይሆን ብሎ አሰበ። በኋላ ግን የእኛም ሁለት ቃል አላስታረቀንም አለ። ብርቱካንማ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ መስታወቱን አንኳኳ፤ ከሃያ ዶላር አሥራ ስድስት መለሰለት።

የቀጸላ ሱቅ ኢስት ኮልፋክስ ላይ፣ ከጎማ ቤቱና ከልብስ ማጠቢያው መካከል ነው። ሱቁን የመረጡት መስጊድም ቸርችም ስላልሆነ፣ ደግሞም ቪዲዮ ማጫወቻ ስላለው ነው። ቀጸላ በርበሬ፣ ሽሮ፣ የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ የአገር ቤት ቲያትር ካሴት በአንድ ዶላር ያከራያል። ቴሌቪዥኑ ከሥጋ ማቀዝቀዣው በላይ ነው፤ ለማየት አንገት ቀና ማድረግ ያስፈልጋል። ግዛው ሲገባ ረሻድ የሩዝ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። መኮንን ምስር ከተደረደረበት መደርደሪያ ተደግፎ ቆሟል፤ ዝቅ ብሎ መቀመጥ አይሆንለትም። በመካከላቸው ሦስት እርምጃ ክፍተት አለ። ቀጸላ የበሩን ጽሑፍ ገልብጦ ዝግ ነው አደረገው፤ ከዚያ ዝምታውን ስላልቻለው አፉን ከፈተ።

«እኔ ግን አልገባኝም። ተደባደቡ ብሎ ሜዳ አስገብቶ፣ ይሄኛው ቡጢ ሕጋዊ ነው፣ ያኛው ሕገወጥ ነው ማለት ምንድን ነው?»

«ቀጸላ፣ አንተ በርበሬህን ሽጥ» አለ ረሻድ።

«በርበሬም ሕግ አለው። ከጤና ቢሮ መጥተው ቴርሞሜትር ይሰኩበታል።»

ካሴቱ ተከፈተ። ሥዕሉ ከሩቅ የተነሣ ነው፤ ይንቀጠቀጣል፤ ድምፅ የለውም። አኒስ፣ ነጭ ለብሶ፣ ሮጦ ይዘላል፤ ኳሱን ከአየር ይቀልባል፤ እግሩ መሬት ሲነካ አማኑኤል ከጎን ይደርሳል። ከዚያ ነጭ ለባሹ ልጅ ወድቋል፤ እንደወደቀ ይቀራል። አማኑኤል ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ያነሣል፤ ጓደኞቹ ጀርባውን ይመቱታል። ረሻድ ይህን ሲያይ ፊቱን ወደ ሽሮው መለሰ።

«ትከሻ ነው» አለ መኮንን።

«ራስ ነው» አለ ረሻድ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

«ትከሻ ነው። አሠልጣኙም አይቶታል። ምንም እንዳትሉ፣ ምንም ካላችሁ ልጁ ጥፋተኛ ይሆናል፣ ለኮሌጅ የሚመለምለው ሰው አያገኝም ብሎናል።»

«መልሰው» አለ ግዛው።

ቀጸላ መለሰው። ግዛው አራት ጊዜ አስመለሰው፤ ካሴቱ ይላጣል ቢባልም አልሰማም። ኳሱን አላየም። ዳኛ ኳስ ሲያይ ነው የሚታለለው። የአማኑኤልን ፊት ፈለገ። እየሮጠ ሲመጣ ፊቱ በሄልሜቱ ሽቦ ውስጥ ይታያል፤ አፉ ተከፍቷል። በመጨረሻው እርምጃ ፊቱ ጠፋ። በፊቱ ቦታ የሄልሜቱ አናት ላይ ያለው ሰማያዊ መስመር መጣ። አንገቱን የሰበረ ሰው ፊቱ አይታይም። በአምስተኛው ጊዜ ግዛው ሌላ ነገር አየ። ከልጆቹ ጀርባ፣ አሥር እርምጃ ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ሸንተረር ያለው ሸሚዝ የለበሰ ወፍራም ሰውዬ፣ የጨዋታው ዳኛ፣ ቆሟል። ሰውየው እጁን ወደ ወገቡ ይልካል። ወገቡ ላይ ቢጫ ጨርቅ ተወሽቋል፤ ያ ጨርቅ ሜዳ ላይ ከወደቀ ጥፋት ነው ማለት ነው። እጁ ጨርቁን ይነካል። ከዚያ ባዶውን ይመለሳል።

ግዛው ያንን እጅ ያውቀዋል።

«ጥፋት ነው» አለ። «በራሱ ነው የወጋው። ጦር ይሉታል። መጽሐፋቸው ላይ አለ።»

መኮንን ከመደርደሪያው ቀና አለ። «ዳኛው ጨርቅ አልጣለም።»

«አልጣለም።»

«ዳኛ ካልነፋ ጥፋት የለም። ይህን ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት ጋሼ። ሃያ ዓመት ተምሬዋለሁ። ለእኔ እግር ያልተነፋ ለማንም አንገት አይነፋም። ዳኛው ካላየው አላየውም፤ አለቀ።»

«አይቶታል። እጁን እየው። ቀጸላ፣ መልሰው።»

ሁሉም ቀና ብለው አዩ። ሰውየው እጁን ላከ፣ ጨርቁን ነካ፣ መለሰ። ቀጸላ በምላሱ ጠቅ አደረገ። መኮንን ራሱ እንዲመለስ ጠየቀ፤ እንደገና አየ። ሲናገር ድምፁ ወርዷል።

«ካየው ለምን አልጣለም?»

ግዛው ማቀዝቀዣው አጠገብ ያለ ጆንያ ላይ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ስለ ደከመው። ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ነፍቶ ሕዝቡ ስለ ጮኸበት። ሊያልቅ ትንሽ ስለ ቀረው። ከሜዳው ዳር የቆሙትን ሰዎች ስለ ፈራ። አሁን ዝም ብል፣ ልጁ ይነሣል፣ ጨዋታው ይቀጥላል፣ ቤቴ እገባለሁ ብሎ ነው።»

«ይህን ሁሉ ከየት አወቁት?»

ማቀዝቀዣው ይጮኻል። ግዛው ጥያቄው አራተኛው መሆኑን አወቀ። በመኪና ውስጥ፣ በስደት ወረፋ ላይ፣ በሠርግ ቤት ጓሮ የተጠየቀው ያው ጥያቄ ነው፤ ዛሬ በሌላ ልብስ መጣ። ስድስት ዓመት የተኛባትን አልጋ አሰበ። ኮልፋክስ ላይ ያሉት ሞቴሎች በሳምንት መቶ ሃያ ዶላር እንደሚያስከፍሉም ያውቃል፤ ከአውቶብስ መስኮት ብዙ ጊዜ አንብቦታል።

«እኔ አድርጌው ነው» አለ። «ማንም አልጋረደኝም። ከአንተ አምስት እርምጃ ላይ ነበርኩ። ፊሽካው ጥርሴ ላይ ነበር፤ አየሩን ስቤ ነበር። ወታደሮቹ መስመሩ ላይ ቆመው ነበር፤ ፈራሁ። መልሼ ዋጥኩት። አጥንትህ ሲሰበር ሰምቻለሁ።»

ረሻድ ዓይኑን ጫማው ላይ ተከለ፤ የሌላ ሰው ገመና ላይ ሳያንኳኳ የገባ ይመስል። መኮንን እንደሚጮኽ ሰው አፉን ከፈተ፤ ግን አልጮኸም። በሩን ከፍቶ እያነከሰ ወጣ። የበሩ ደወል ሁለት ጊዜ አቃጨለ።

ቀጸላ ካሴቱን አወጣ፤ ምን እንደሚያደርግበት ስላላወቀ መልሶ ከተተው። ግዛው ሻንጣው አልጋው ሥር እንዳለ፣ መቆለፊያው ከተበላሸ ሁለት ዓመት እንደሆነው፣ በገመድ ሊያስረው እንደሚችል አሰበ። ደክሞት ነበር። ሃያ ዓመት የተሸከሙት ነገር ሲወርድ ይቀላል ይባላል፤ እሱን ግን አልቀለለውም። እጁን ማቀዝቀዣው ላይ አድርጎ ተነሣ።

ከውጭ የመኪና ጥሩምባ አንድ ጊዜ ተሰማ። አጭር ነው፤ ደንበኛ የሚጠራ ሾፌር እንደሚያደርገው።

መኮንን ታክሲው ውስጥ ነው፤ ሞተሩ ተነሥቷል። የጋቢናው በር ተከፍቷል። ግዛው ገባ። ረሻድ ደጁ ላይ አመነታ፤ ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከኋላ፣ እንደ ተሳፋሪ ተቀመጠ። መኮንን ኮልፋክስን ወደ ምሥራቅ ያዘ። የበረዶው ቅሪት በመንገዱ ዳር ጠቁሯል። ፒዮሪያ ላይ ወደ ግራ ታጠፈ፤ ከአፓርታማቸው ሥር ቆሞ አንዴ ጥሩምባ ነፋ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ ተከፈተ፤ አቢጊያ ናት። መኮንን በጣቱ ወንድምሽ ይውረድ አላት።

ጠበቁ። መኮንን ሁለት እጁን መሪው ላይ አድርጎ ወደ ፊት ያያል።

«ስንተኛው ደቂቃ ነበር?» አለ።

«ሰባ አንደኛው።»

«እኔ ሰባኛው መስሎኝ ነበር።»

«ሰባ አንድ ነው። ሰዓቴን አይቼዋለሁ።»

«ሰባ አንድ» አለ መኮንን፤ የጎደለችበትን አንዲት ደቂቃ ቦታዋ እንደመለሰ ሰው ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አማኑኤል ወረደ። ቁመቱ ከአባቱ ይበልጣል፤ ካልሲውን አላጠለቀም። የኋላውን በር ከፍቶ ረሻድን ሲያይ እንደ ቆመ ቀረ። ረሻድ ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ግባ፤ ይበርዳል» አለው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ቀበቶህን እሰር።»

ወደ ምዕራብ ተመለሱ። ሃያ ደቂቃ በማይሞላው መንገድ አማኑኤል ከኋላ አፍንጫውን ሁለት ጊዜ በእጅጌው ጠረገ። የረሻድ ሕንፃ ከዮሰሚቲ ስትሪት አልፎ፣ በዴንቨር በኩል ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፤ አሳንሰር የለውም። መኮንን ከመግቢያው ፊት ለፊት ፓርክ አደረገ። ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ነቅሎ ዞር አለና ለረሻድ በእጁ ሰጠው። ከዚያ ወረደ። አማኑኤልም ወረደ።

ግዛው አልተንቀሳቀሰም። ይህ የአባትና የልጅ ጉዳይ ነው፣ እዚሁ እጠብቃለሁ ብሎ ኮፍያውን ግንባሩ ላይ ዝቅ አድርጎ ነበር። መኮንን እግሩን እየጎተተ በመኪናው አፍንጫ በኩል ዞሮ መጣና የጋቢናውን በር ከፈተለት።

«እርስዎም ይውረዱ እንጂ፣ ጋሼ» አለው፤ እጁንም ዘረጋለት።

ግዛው እጁን ያዘና ወረደ።